የጎደለበት ይናገር

ጋሽ ሎሃ ማረፉን የነገረኝ ታምራት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር። ስልኬ ላይ ስሙን ሳይ ገና ሳላነሳው ፈገግ አልኩ። ታምራት ወላይታ ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እዚያ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት በሳቅ ሲገድለኝ የኖረ ሰው ነው፤ ሲደውል አንድ የሚያስቅ ወሬ አያጣም። የዚያን ቀን ግን የሚያስቅ ወሬ አልነበረውም። ስሜን ጠርቶ፣ «ጋሽ ሎሃ ዐረፈ። ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ስፈልግ ቆየሁ። ከዚያ ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ሁልጊዜ ያማርረኛል፤ ያን ቀን ግን ውለታ ዋለልኝ። ዓይኔ ለምን ቀላ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር በሱ አሳብቤ አልፍ ነበር።

ጋሽ ሎሃ ዘመዴ አይደለም። አስተማሪዬም፣ ጎረቤቴም አልነበረም። ታካሚ ነበር። እንደ እኔ ሥራ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ጥናቱ ሲያልቅ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር የሚዘጋ ሰው ነበር። ግን ይኸው፣ እሱ የኖረባት የቦዲቲ ስም በተጠራ ቁጥር ጆሮዬን የማቆመው በሱ ምክንያት ነው።

ሥራችንን ላስረዳ። ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑን የያዘው ሰው ሆስፒታል ሲመጣ ታምራት ፊት እጁን ያነሳል፣ ይዘረጋል፣ ጣቱን ያጥፋል። ጎበዝ ይባልና ይሄዳል። ቤቱ ሲገባስ? እጁን ይሠራበታል ወይስ እንደ ተዋሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ይውላል? ይህን ማንም አያውቅም። ቤተሰብ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነው» ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲው ምህንድስና ክፍል የገባሁት እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም እጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ ሰዓት የሚመስል ግን ሰዓት የማይነግር ሴንሰር ነበረን። እጅ ሲንቀሳቀስ ይመዘግባል። ታካሚው በሳምንቱ ሲመጣ ፈትተን ኮምፒውተር ላይ እንገለብጠዋለን፤ የትኛው እጅ መቼ እንደሠራ፣ መቼ እንደተኛ ሞገድ ሆኖ ይታያል። የማይዋሽ ምስክር አገኘን ብለን ነበር።

ጋሽ ሎሃ መጀመሪያ የመጣ ቀን ባለቤቱን እትዬ አማረችን ተደግፎ ገባ። ረጅም፣ ጠይም፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ ሰው ነው። ወንበር አቀረብኩለት። አልተቀመጠም። እግሩን እየጎተተ ወንበሩን ዞሮ አየው፤ ከዚያ በደህናው እግሩ የወንበሩን እግር መታ መታ አደረገ።

«ምን እያየ ነው?» አልኳት እትዬ አማረችን።

«ጎማ» አለችኝ። «ሹፌር ነው እኮ። ቤትም አልጋውን ሳይዞር አይተኛም።»

ዕድሜውን በሙሉ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከሁምቦ በቆሎ፣ ተበላ ከምትባለው ከተማ ገበያ ያገኘውን ሁሉ ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ኖሯል። ስትሮኩ የመታው ግን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነው። መሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይዤ እሄድ ነበር እያለ እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ስለ እጁ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፦ «ሞተሩ ደህና ነው፤ ክላቹ ነው የተቃጠለው።»

አክብሬ «እንዴት ዋሉ?» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ፈለገ። «እኔን ነው? እኔ ብቻዬን ነኝ።» ከዚያ በኋላ አንተ ሆነ። እሱም እኔን አንተ አለኝ። ሶዶና ቦዲቲ አማርኛ የገበያና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው ወላይትኛ ስለሆነ ብዙ ሰው አንተና አንቺ ላይ አይጨነቅም። መጀመሪያ ላይ ላርመው ሞክሬ ነበር።

«ጋሼ፣ ሴት እኮ ነኝ።»

«አይቻለሁ» አለኝ። «አማርኛዬ ነው ያላየው።»

ሴንሰሩን ሳስርለት እጁን እንደ ሕፃን ሰጠኝ። «ይሄ ምን ያደርጋል?»

«እጅህ ሲንቀሳቀስ ይመዘግባል።»

«ቤትም?»

«ቤትም፣ መንገድም፣ የትም።»

«ታ ጦሳው!» አለ፤ አምላኬ ማለቱ ነው። «አማረች፣ ሰማሽ? ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ የኖረው ትራፊክ አሁን ቤቴ ሊገባ ነው!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴንሰሩ ትራፊክ ሆነ። በየሳምንቱ ሲመጣ ገና ከበሩ በወላይትኛ ሰላም ብሎ፣ «ኢንጂነር፣ ሳሮ! ዛሬስ ምን ክስ ጻፈብኝ?» ይላል። ሌሎቹም ታካሚዎች ከሱ ለመዱ። ትራፊኩ ባትሪ ጨረሰ፣ ትራፊኩን ውሃ ነካው፣ ትራፊኩ ያሳክከኛል። በእኔ የጥናት ጽሑፍ ላይ የጻፍኩትን ረጅም ስም የሚያውቀው ግን ማንም አልነበረም።

ታምራት ታካሚን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። «እጅህ ሲበረታ ምን ልትሠራበት ትፈልጋለህ?» ይላል። ሰው ሸሚዜን ልቆልፍበት ይላል፣ ልታጠብበት ይላል፣ አንዷ ልጄን ልታቀፍበት ብላን አስለቅሳናለች። ጋሽ ሎሃ ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

«በሬ ልደለድልበት።»

ታምራት የቦዲቲ ልጅ ባይሆንም የወላይታ ልጅ ነው፤ ወዲያው ገባው። እኔን ግን ማስረዳት ነበረባቸው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። ለጊፋታ ጎረቤት የሆኑ ወንዶች ዓመቱን ሙሉ አጠራቅመው በሬ ይገዛሉ፤ አርደው ይካፈላሉ። ሥጋው የእንሰት ቅጠል ላይ በየመደቡ፣ ማለትም በየድርሻው ተከፍሎ፣ ይደለደላል። በጋሽ ሎሃ ሰፈር ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚደለድለው እሱ ነው። ብልት አውጥቶ፣ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም ለሁሉም አዳርሶ ሲጨርስ ቢላዋውን ይይዝና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ፣ «የጎደለበት ይናገር!» ብሎ ይጮኻል።

ወሬው ያለው እዚህ ላይ ነው ይላል ታምራት። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ማንም የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉም ለሁሉም ይሟገታል። ያኛው አጥንት ብቻ ነው፣ ይሄኛው ስብ በዛበት፣ ዓይንህን ምን ነካው፣ አምና እንዲህ አልነበርክም። ጋሽ ሎሃ ደግሞ ለእያንዳንዱ መልስ አለው። ከአንዱ ቆርጦ ወደሌላው ይጥላል፣ ይሳደባል፣ ይሰደባል፣ ሰው በሳቅ ይንከተከታል። ቦዲቲ ውስጥ ሌላ ሰፈር ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ክርክሩን ለመስማት ይመጡ ነበር አሉኝ።

«በየትኛው ማሽን ነው በሬ የማለማምድህ?» አለው ታምራት።

«አንተ እጁን ስጠኝ። በሬውን እኔ አመጣለሁ።»

እትዬ አማረች የዚያን ክረምት አትረሳውም። ጋሽ ሎሃ ቢላዋ በታመመው ቀኝ እጁ ላይ በጨርቅ አሳስሮ ስኳር ድንች ይቆርጣል። ዱባ ይቆርጣል። የእንሰት ግንድ አስጥሎ ይቆርጣል። «ቤቴ ውስጥ ሳይቆረጥ የተረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ» ትለኝ ነበር። «ስኳር ድንቹን ደግሞ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ስቀቅለው ግማሹ ይፈርሳል፣ ግማሹ ጥሬ ነው። ያን ነው ስንበላ የከረምነው።» እያማረረች ትስቃለች። ስትስቅ ደግሞ አንድ ዓይኗ እሱ ላይ ነው።

አንድ ሳምንት ኮምፒውተሩ ላይ ያየነው ነገር ወንበራችንን አስለቀቀን። የጋሽ ሎሃ ቀኝ እጅ በየምግቡ ሰዓት ይንቀሳቀሳል! ከግራው እኩል፣ ከግራው ጋር አንድ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ራት ላይ። ታምራት ጨፈረ። እኔ ለክፍል ኃላፊዬ ደወልኩ። በማግሥቱ ሁለታችንም ሚኒባስ ተሳፍረን ቦዲቲ ሄድን፤ ከመንገዱ በባጃጅ ቤቱ ደረስን። ምሳ ሰዓት ስለነበር አስገድደው አስቀመጡን። ከእንሰት የሚሠራው ሙቹዋ ቅቤ ጠጥቶ፣ የቃሪያው ዳጣ ጎኑ ተቀምጦ ቀረበ።

ጋሽ ሎሃ ግራ እጁን ሰደደና የቀኝ እጁን አንጓ ያዘ። እንደተኛ ልጅ አነሳው። ሳህኑ ድረስ ወሰደው፣ ጣቶቹን ምግቡ ላይ ጫናቸው፣ ያነሱትን ያህል አነሱ፣ ከዚያ እንደገና በግራው ደግፎ ወደ አፉ አመጣው። ግማሹ ደረቱ ላይ ቀረ። እትዬ አማረች ሳታይ በሚመስል አኳኋን ጠረገችለት።

ታምራትና እኔ ተያየን። ኮምፒውተሩ አልዋሸም፤ ሁለቱም እጆች ሠርተዋል። አንዱ ሌላውን አዝሎ እንደሚሠራ ግን ማን ይንገረው።

«ለምን በግራህ አትበላም ጋሼ?» አልኩት።

በጣም ነውር ነገር የጠየቅሁት ይመስል ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው ያለበት ሳህን ላይ? ግራዬን?» አለኝ። «ብቻዬን ስሆን እሺ። ከሰው ጋር ግን ቀኙ ነው የሚቀርበው። ቢሞትም ተሸክሜው እቀርባለሁ።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ታምራት መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ሶዶ ልንገባ ስንል፣ ዳሞታ ተራራ ከፊታችን ሲመጣ፣ «እንዲህም አድርጎ ይጠቅመዋል» አለ። «ጭራሽ ከመተው ይሻላል።» እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነበር። ይህ ሰው በሬ ለመደልደል ሳይሆን ሰው መሃል ለመመለስ ነው ክረምቱን ሙሉ ስኳር ድንች ሲቆራርጥ የከረመው።

ጊፋታ ደረሰ። ጠራኝ፤ ሄድኩ። የእንሰት ቅጠሉ ጓሮው ሣር ላይ ተነጥፏል፣ በሬው ታርዶ ተገፏል፣ ወንዶቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ጋሽ ሎሃ ነጭ ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዳሰረ መሃል ገባ። ሥጋውን ዞሮ አየው። እንደ ወንበሩ በእግሩ መታ የሚያደርገው መስሎኝ ልስቅ ነበር።

ቢላዋውን በቀኙ ያዘ። ክረምቱን የተለማመደው ለዚህ ነበር። ግን ስኳር ድንች ሌላ፣ የበሬ ሽንጥ ሌላ ነው። ቢላዋው ተንሸራቶ ወደቀ። አነሳው። እንደገና ወደቀ። በመጨረሻ ወደ ግራው አዛወረው፤ ቀኙን ሥጋው ላይ እንደ ድንጋይ ጭኖ በግራው መቁረጥ ጀመረ። ቆየ። በጣም ቆየ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። ሲጨርስ እኔ እንኳ፣ የሥጋ ብልት ለይቼ የማላውቀው፣ መደቦቹ እኩል እንዳልሆኑ አየሁ። አንዱ ክምር ነው፣ አንዱ ቁርጥራጭ ነው። ጎድኑ ሁሉ አንድ ወገን ሄዷል።

ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ ግን ደህና ነበር። «የጎደለበት ይናገር!»

ዝም።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ «እኩል ነው ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ» አለ። ሌላው፣ «ጦሲ ይመስገን፣ አንተ ቆመህ አየንህ፣ ይበቃናል» አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ሎሃ ዙሪያውን እያየ እንደገና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «የጎደለበት ይናገር እንጂ» አለ። ማንም አልተናገረም። ዕጣው ወጣ፤ ጋሽ ሎሃ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን እያሸከመ ሸኘ። ሁሉም እየመረቀው ሄደ።

ቢላዋውን ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ። «ሰማህ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዝም አሉኝ። እንዲህ ዝም የሚባለው ለቅሶ ቤት ነው።»

ከዚያ በኋላ የመጣው ሞገድ ሞገድ አይባልም። ኮምፒውተሩ ላይ የተኛ መስመር ነው፤ ቀኙም፣ ግራውም። ሴንሰሩ ተበላሽቶ መስሎን ሌላ ላክንለት። ያም ያው ነው። ቀጠሮ ቀረ። ሁለተኛው ሲቀር ታምራትና እኔ ሄድን። ጋሽ ሎሃ ግድግዳውን ተደግፎ የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱም ሴንሰሮች እጁ ላይ ናቸው።

«ትራፊኩ አልተበላሸም» አለን ገና ሳንጠይቀው። «መኪናው ነው የቆመው።»

ታምራት እጁን ይዞ ሊዘረጋ ሞከረ። ክርኑ መጠንከር ጀምሯል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ነው። ውጭ ወጥተን ለእትዬ አማረች እውነቱን ነገራት፤ እንዲህ ከቀጠለ ያገኘውን ሁሉ ያጣል፣ ከዚያ በኋላ እጁን መመለስ ከባድ ነው አላት። እሷ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ ልቆጣው እችላለሁ፤ የኔን ቁጣ ለምዶታል» አለች። እኔ ደግሞ የማይዋሽ ምስክር ይዤ ቆሜአለሁ። የሰውየው ልብ መሰበሩን ከማንም ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ምን ላደርግለት እንደምችል ግን አላውቅም ነበር። እንደዚያ ቀን ሙያዬ ከንቱ ሆኖብኝ አያውቅም።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን እትዬ አማረች በመጣ ሰው እጅ ሴንሰሮቹን ላከችልን፤ ከፈትናቸው። የተኛ መስመር፣ የተኛ መስመር፣ አሁንም የተኛ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ መስመሩ ተነሳ። ተነስቶም አልተቀመጠም። ግራው ብቻ አይደለም፤ ቀኙም ይወጣል ይወርዳል። ደግሞ አብረው አይደሉም። ግራው ሲያርፍ ቀኙ ብቻውን ይወራጫል።

«ሌላ ሰው አስሮታል» አለ ታምራት። ስልኩን አውጥቶ እትዬ አማረች ጋ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ያን ቀንማ!» አለች እትዬ አማረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ደስታም ነበር። «ባሳ መጥቶ አይደል የተጣሉት!»

ባሳ የጎረቤታቸው ስም ነው። ከጋሽ ሎሃ ጋር አብሮ ያደገ፣ ቦዲቲ ገበያ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ አጭር ደንዳና ሰው ነው። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሎሃ! በጊፋታ ጎድኔን በልተህብኛል!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሎሃ መጀመሪያ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ባሳ ቀጠለ። ዕድሜ ልክህን አንድ ቀን እኩል ደልድለህ አታውቅም፣ እኔ ስለማፍር ነው፣ የእኔ መደብ ላይ ያለው ውሻ አይበላውም ነበር አለ። ጋሽ ሎሃ ተነሳ። ሁለቱ ተያይዘው እየተሟገቱ ግቢውን ወጡ፣ መንገዱ ላይ ደረሱ፣ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ሎሃ በግራ እጁ ከዘራ ስለያዘ የሚሟገትበት እጅ ቀኙ ብቻ ነበር። እጁ ሲነሳ እሱ ራሱ አላየውም አለች እትዬ አማረች። እሷ ግን አየችው።

ታምራት ስልኩን ዘግቶ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «እጁ ይችል ነበር» አለኝ። «እሱ ነው የተወው።»

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ባሳ ሽማግሌ ሰበሰበ። ተበልቶ ያለቀ ሥጋ ላይ ሽማግሌ ሲቀመጥ አስቡት። ከጥላ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ። ጋሽ ሎሃ ተሟገተ፣ ቆሞ ተናገረ፣ ድልድሉን መሬት ላይ በከዘራው እየሳለ አስረዳ። ፍርዱ ምን ሆነ? ለሚመጣው ጊፋታ ሎሃ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ባሳ ባለበት አስተካክሎ ይደልድል።

በማግሥቱ ጋሽ ሎሃ ብቻውን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሆስፒታል መጣ። በሩን ሲከፍት ያለውን መቼም አልረሳውም። «ታምራት የት አለ? ተፈርዶብኛል!»

እንዲህ ሲሠራ ያየሁት ታካሚ የለም። ታምራት አቁም እያለ ይለምነው ነበር። እያላበው ባሳን ይራገማል፤ ሲደክመው ባሳን ያስባል፤ ባሳን ካሰበ ደግሞ እንደገና ይጀምራል። የኮምፒውተሩ ሞገድ በየሳምንቱ ከፍ አለ። የቀኙ እጅ ብቻውን ሲንቀሳቀስ የምናይበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። እትዬ አማረችም እንደገና ስኳር ድንች መቀቀል ጀመረች።

እኔ መጨረሻውን አላየሁም። ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ተሳካልኝና ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ልሰናበተው ስሄድ በቀኝ እጁ ጨበጠኝ። አጨባበጡ ልል ነበር፣ ግን የራሱ ነበር። «ትራፊኩን ይዘህ ልትሄድ ነው?» አለኝ። «ይቅርታ አድርግልኝና ክሴን ሰርዝልኝ።» ሳቅኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

በሚቀጥለው ጊፋታ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት፤ ማንም አያናግረኝም። ጫጫታ ብቻ ነው። የወንዶች ጩኸት፣ ስድብ፣ ሳቅ፣ በወላይትኛ የሚባባል ነገር። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር! ትሰማለህ?»

«ጋሼ! ምን ሆናችሁ?»

«ስማ! ስማቸው! በቀኜ ነው የደለደልኩት፣ ግራው ትንሽ ደግፎኛል። ይሰድቡኛል! ሁሉም ጎደለን ይላሉ! አንዱም እኩል ነው ያለኝ የለም!» ስልኩን እንደገና ወደ ጫጫታው አዞረው። ቆሜ ሰማሁ። ቋንቋውን ግማሹን አልሰማውም፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ያ ነው የመጨረሻ ድምፁ። ሁለተኛው ስትሮክ በመጣ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልራራለትም። ሕመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር፤ ሲደወልልኝ ተቀብሯል። ሩቅ አገር የመኖር መጥፎው ይህ ነው። የምትወደው ሰው ተጠቅልሎ፣ አልቆ፣ ወሬ ሆኖ ይመጣል።

በሳምንቱ ለቅሶ ደረስኩ። ከአዲስ አበባ በኩል ሲመጣ ቦዲቲ ከሶዶ ትቀድማለች፤ መንገዱ ላይ ወረድኩ። ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ነበር። እትዬ አማረች አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ኢንጂነሩ መጣልህ!» እያለች ለሌለ ሰው ተናገረች። ያን ጊዜ ነው የምር መሄዱ የገባኝ። ብዙ አለቀስን። በኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ጥቂት ቆይቶ አጭር ደንዳና ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ባሳ ነው። ጢሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ አብጧል።

ላጽናናው ብዬ፣ «አንተና እሱ ስትጣሉ ነው እኮ የዳነው» አልኩት። «የዚያን ዓመት ጎድንህን ባይበላብህ ኖሮ እጁ ቀርቶ ነበር።»

ባሳ ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ምን ጎድን?» አለ። «ጎድንማ ደርሶኛል። የዚያን ዓመት ትልቁ መደብ የእኔ ነበር። ተሸክሜው ቤቴ ስገባ ሚስቴ ደንግጣ፣ ይሄን ሁሉ ዝም ብለህ ተቀበልክ ወይ አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን መጥተህ ተጣላኸው?»

«ሁላችን አዘንንለትና ደግ ሆንን። በደግነታችን ሰውየው ሊሞት ነው። ከመካከላችን አንድ ክፉ ሰው መገኘት ነበረበት።» አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። «ሌሎቹ እንቢ አሉ፤ እኔ ሆንኩ።»

ሽማግሌዎቹን፣ መሬት ላይ በከዘራ የተሳለውን ድልድል፣ ያን ሁሉ ሙግት አሰብኩ። እንደ እሳት ሆኖ ሆስፒታል የመጣበት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

«ጋሽ ሎሃ ይህን ሳያውቅ ሄደ ማለት ነው?» አልኩት።

ባሳ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዴት አያውቅም?» አለ። «ያን ትልቅ መደብ አንስቶ ያሸከመኝ እኮ እሱ ራሱ ነው።»